ከጭስ ማውጫ እስከ ራዲያተር ክዳን፦ ምርመራ የወደቀች የአንዲት ኮሮላ ጉዳይ

መኪናዋ በፈረንጅ የ2003 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ ናት። ሞተሯ 1.3 ሊትር፣ ነዳጇ ቤንዚን፣ አረጫጨቷ በኢንጄክተር ነው። ባለቤቷ፣ እትዬ የምላቸው ሴት፣ ደብረ ብርሃን ላይ ሱቅ አላቸው። ሸዋ ሮቢት ድረስ ይወርዱና ሽንኩርትና ማሾ ጭነው በጣርማ በር ዳገት ይመለሳሉ። ኅዳር ላይ ለዓመታዊ ምርመራ ወሰዷት። ፍሬኑ አለፈ፣ መብራቱ አለፈ፣ መሪውም አለፈ። ጭስ ላይ ወደቀች። ቦሎ የለም ተባሉ።

እኛ ጋራዥ የደረሱት ሁለት ቤት ዞረው ነው። የመጀመሪያው ጋራዥ አራቱንም ካንዴላ (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) እና የአየር ፊልትሮውን ቀይሮ «አሁን ታልፋለች» አላቸው። አላለፈችም። ሁለተኛው ሁለት ነገር ነገራቸው። አንዱ፣ «የከፍታው ጉዳይ ነው፣ ደብረ ብርሃን ላይ የማያጨስ መኪና የለም» የሚል ነው። ሌላው፣ ጭስ ማውጫው ላይ ስላለው ጭስ አጣሪ ዕቃ ነው፦ «ካታላይዘሩ ተደፍኗል፣ አውልቀን ባዶ ቱቦ እንበይድበት» የሚል። እትዬ በዚህኛው ተጠራጠሩ። መካኒኩ የሚወልቀውን ዕቃ ለራሱ ለማስቀረት ሲጣደፍ አይተው ነው የነቁት።

እኔ መጀመሪያ የጠየቅኋቸው የምርመራውን ወረቀት ነው።

«ወድቀሻል የሚለውን ወረቀት ምን ያደርግልሃል ልጄ?» አሉኝ።

«እትዬ፣ ለምን እንደወደቀች የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።»

ከቦርሳቸው ተጣጥፎ ወጣ። እስከዚያ ድረስ ያየው መካኒክ አልነበረም። ይሄ ብርቅ አይደለም። ደንበኛም መካኒክም ከዚያ ወረቀት ላይ የሚያነቡት አንድ ቃል ነው፤ አለፈ ወይም ወደቀ። ቁጥሮቹን የሚያነብ የለም። ይህን ጉዳይ ለመጻፍ ያነሳሳኝም እሱ ነው።

ወረቀቱ ምን ይላል?

ጋዝ ሳይረገጥ፣ በሚኒሞ የተለካው እንዲህ ነበር። ካርቦን ሞኖክሳይድ 3.8 በመቶ። ሃይድሮካርቦን 410 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 410)። ካርቦን ዳይኦክሳይድ 12.0 በመቶ። ኦክስጅን 0.5 በመቶ። ላምዳ 0.90። ጋዝ ተረግጦ ሞተሩ በደቂቃ 2,500 ዙር ሲዞር ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ወደ 2.1 ወረደ፣ ላምዳው ወደ 0.95 ከፍ አለ።

ለማነጻጸር ያህል፣ እንግሊዝ አገር በዚች ዕድሜ ያለች ካታላይዘር የተገጠመላት ቤንዚን መኪና ጋዝ ተረግጦ ስትለካ ካርቦን ሞኖክሳይዷ ከ0.2 በመቶ፣ ሃይድሮካርቦኗ ከ200 ፒፒኤም መብለጥ የለበትም። ላምዳዋም በ0.97 እና በ1.03 መካከል መሆን አለበት። የእትዬ ኮሮላ በዚያ ሚዛን ብትቀመጥ በካርቦን ሞኖክሳይድ ብቻ አሥር እጥፍ አልፋ ትገኛለች።

ከሁሉም በፊት ላምዳን እንይ። አንድ ኪሎ ቤንዚን ተቃጥሎ እንዲያልቅ 14.7 ኪሎ ገደማ አየር ይፈልጋል። ልክ ይህን ያህል አየር ሲያገኝ ላምዳ 1 ይባላል። 0.90 ማለት ከሚያስፈልገው አየር አሥር በመቶ ጎድሎታል ማለት ነው። በሌላ በኩል ካየነው፣ ለገባው አየር የተረጨው ቤንዚን በዝቷል። መካኒክ ሁሉ ሪች የሚለው ይህን ነው።

ካርቦን ሞኖክሳይድ በአየር እጥረት በግማሽ የተቃጠለ ቤንዚን ነው። ሃይድሮካርቦን ጭራሽ ሳይቃጠል የወጣው ነው። ሁለቱን ከኦክስጅን ጋር አብሮ ማየት ብዙ ልፋት ያድናል። ካንዴላ ቢደክም ወይም ኮይል ቢበላሽ አንዱ ሲሊንደር ሳይተኩስ ይቀራል። ያኔ ቤንዚኑም አየሩም እንዳለ ይወጣል። ስለዚህ ሃይድሮካርቦኑ ወደ ሺህዎች ይወጣል፣ ኦክስጅኑም አብሮ ከፍ ይላል። ካርቦን ሞኖክሳይዱ ግን አይጨምርም፣ ያልተቃጠለ ነገር በግማሽም አይቃጠልምና። የእኛ ወረቀት የዚህ ተቃራኒ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይዱ ጣሪያ ነክቷል፣ ኦክስጅኑ ግን ግማሽ በመቶ ብቻ ነው። ያለው አየር ተሟጦ ተቃጥሏል፣ የተረፈው ቤንዚን ነው። ወረቀቱን ያየ ሰው ካንዴላ አይቀይርም ነበር።

ወረቀቱ ራሱ ይታመናል ወይ የሚል ጥያቄም አለ። ማርሚታው (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) ቀዳዳ ካለው ወይም መለኪያው ቱቦ በደንብ ካልገባ፣ የውጭ አየር ይቀላቀልና ቁጥሩ ሁሉ ይቀጥናል። ይህን ለማወቅ ካርቦን ሞኖክሳይዱንና ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ደምሩ። 15 በመቶ አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ጭሱ አልተበረዘም። 3.8 እና 12.0 ሲደመሩ 15.8 ናቸው። ወረቀቱ እውነተኛ ነው። (መለኪያውን በከፊል ብቻ አስገብቶ ለማለፍ የሚሞክር ሰው በዚሁ ድምር ነው የሚያዘው። ታንከር ውስጥ ስፒሪት ጨምሮ የሚሄድም አለ። እሱ አንዳንዴ ይሠራል፣ አልኮል ድብልቁን ስለሚያቀጥነው። ለዚህም ነው ወሬው የማይሞተው። በማግስቱ ግን መኪናዋ ያው ናት።)

አሮጌዎቹን ካንዴላዎች እትዬ አልጣሏቸውም፣ ሻንጣው ውስጥ በላስቲክ ጠቅልለዋቸው ነበር። አራቱም አንድ ዓይነት ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ለብሰዋል። አዲሶቹንም ፈትተን አየናቸው፣ እነሱም መጥቆር ጀምረዋል። አንዱ ብቻ ቢጠቁር አንድ ኢንጄክተር ያንጠባጥባል ብለን እንጠረጥር ነበር። አራቱም እኩል ከጠቆሩ ግን ቤንዚኑ የሚበዛው ለሁሉም ነው። ማለትም ትእዛዙ ከላይ፣ ከኮምፒውተሩ ነው የሚመጣው። ኮምፒውተሩ ለምን አብዝቶ ያዛል?

ከፍታው ነው?

እዚህ ላይ የከፍታውን ነገር ማንሳት አለብኝ፣ በየጋራዡ የሚሰማ ምክንያት ስለሆነ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ወደ ሰባ በመቶ ይወርዳል። አየሩ ስስ ነው፣ ይህ እውነት ነው። በካርቡራተር (ቤንዚንና አየርን ያለ ኮምፒውተር በሚቀላቅለው የድሮ ዕቃ) ዘመን ሰበቡም እውነት ነበር። ካርቡራተር የአየሩን ክብደት አይመዝንም፣ ስለዚህ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑን በዚያው መጠን አይቀንስም። አዲስ አበባ ላይ የተስተካከለች አሮጌ ዲኤክስ እንኳ ወደዚህ ስትመጣ ትንሽ ታጠቁራለች።

ይህቺ ኮሮላ ግን ካርቡራተር የላትም። ከአየር ፊልትሮው ቀጥሎ የአየር መጠን ሴንሰር አላት። ውስጡ በኤሌክትሪክ የምትግል ቀጭን ሽቦ አለች። የሚያልፈው አየር ያቀዘቅዛታል። ሽቦዋን በዚያው ሙቀት ለማቆየት የሚፈጀው ኤሌክትሪክ ስንት ግራም አየር እንዳለፈ ይናገራል። አየሩ ከሳሳ ቁጥሩ ያንሳል፣ ኮምፒውተሩም ቤንዚኑን ይቀንሳል። ሴንሰሩን ለካነው፣ ደህና ነው። ደግሞስ ከፍታው ቢሆን ኖሮ ከተማው ውስጥ ያለው ቪትዝና ኮሮላ ሁሉ በወደቀ ነበር። እያለፈ ነው።

58 ዲግሪ

የመኪናዋን ኮምፒውተር የሚያነበውን ስካነር ከመሰካታችን በፊት አንድ ነገር አየን። ቁልፍ ሲከፈት ቼክ ኢንጂን መብራቱ አይበራም። ጤነኛ መኪና ላይ ቁልፍ ሲከፈት ይበራል፣ ሞተር ሲነሳ ይጠፋል። ጭራሽ የማይበራ ከሆነ አምፖሉ ተቃጥሏል ወይም የሆነ ሰው ዝም አሰኝቶታል። ዳሽቦርዱን ስንከፍት መብራቱ በጥቁር ፕላስተር ተሸፍኖ አገኘነው። ማን እንደሸፈነው አይታወቅም፣ እትዬም መኪናዋን ሲገዙ እንዲሁ ነበረች።

ስካነሩ አንድ ኮድ አወጣ፤ ፒ0135። የፊተኛው ኦክስጅን ሴንሰር ማሞቂያ አይሠራም ማለት ነው። ብዙ መካኒክ እዚህ ላይ ይቆማል፤ ሴንሰሩን ይቀይርና መኪናዋን ያስረክባል። ኮድ ግን የምርመራ መጀመሪያ ነው። እኛ ወደ ቀጥታ ንባቡ ገባን።

መኪናዋን ወደ ጫጫ ነድተን ተመለስን። ሞተሩ ይህን ያህል ሲሠራ ከቆየ የውሃው ሙቀት ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ባለው መካከል መሆን አለበት። ስካነሩ ላይ 58 ነበር። ቆመን በሚኒሞ ብናቆያትም ከዚያ ብዙም ፈቀቅ አላለም።

እትዬን ስለ ጌጇ ጠየቅኋቸው። «ዱሮ መሃል ላይ ትቆም ነበር። አሁን ዝቅ ብላለች። ድሮ ስትፈላ አበሳዬን ነው ያየሁት፣ አሁን በመቀዝቀዟ እፎይ ብያለሁ» አሉ። ቀጠሉና፣ «ግን ጠዋት ጠዋት ማሞቂያዋ ሙቀት የላትም። በጋቢ ነው የምነዳው» አሉኝ።

ይህች የመጨረሻዋ ቃል ብቻዋን ትበቃ ነበር። የመኪና ውስጥ ማሞቂያ ሙቀቱን የሚያገኘው ከሞተሩ ውሃ ነው። ውሃው ካልሞቀ ጋቢ ግድ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ በደንብ በርዶ ሳለ አስነሳናትና ራዲያተሩን በእጅ ያዝነው። ይህን ማንም ሰው ቤቱ ሊያደርገው ይችላል፤ ቬንትሌተሩ (የራዲያተሩ ማራገቢያ) ላይ ብቻ እጅ አይድረስ። ቴርሞስታት ውሃው እስኪሞቅ ድረስ ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚዘጋ በር ነው። እሱ ያለው ሞተር መጀመሪያ ውሃውን ራሱ ውስጥ ያዞረዋል፣ ራዲያተሩ ለብዙ ደቂቃ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆያል። ከዚያ ቴርሞስታቱ ሲከፈት በአንድ ጊዜ ይሞቃል። የእትዬ መኪና ራዲያተር ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ ቀስ እያለ ለብ ይል ነበር። የቴርሞስታቱን ቤት ፈታነው። ባዶ ነው። ቴርሞስታት የለም።

አሁን ነገሩ ገጠመ። ኮምፒውተሩ 58 ዲግሪ ሲያነብ ሞተሩ ገና ያልሞቀ ይመስለዋል። ለቀዝቃዛ ሞተር ቤንዚን መጨመር ደግሞ ሥራው ነው። ቀዝቃዛ ሞተር ውስጥ ቤንዚን በደንብ አይተንም፣ ስለዚህ በርከት ተደርጎ ይረጫል። ለጥቂት ደቂቃ ታስቦ የተሠራው ጭማሪ እዚህ መኪና ላይ ቀኑን ሙሉ ይቀጥላል። ሚኒሞዋም ከፍ ብሎ የቀረው ለዚሁ ነው። ዘይቷን ስናይ የመለኪያ ዘንጉ ላይ ከልኩ በላይ ወጥቷል፣ ሲያሸቱት ቤንዚን ቤንዚን ይላል። ያልተነነው ቤንዚን በፒስተኑ ጎን እየወረደ ዘይቱን አቅጥኖታል። በዚህ ዘይት ብዙ ቢነዱ ሞተሩን ነበር የሚበላው።

ማን አወጣው? ለምን?

እትዬ አልደበቁንም። ግንቦት ላይ ከሮቢት ሲመለሱ፣ ደብረ ሲናን አልፈው ጣርማ በር ሊደርሱ ሲሉ መኪናዋ ፈላች። እንፋሎቱ ከኮፈኑ ሥር ሲወጣ እሳት የተነሳ መስሏቸው ሽንኩርቱን ሁሉ አስፋልት ላይ ማውረድ ጀምረው ነበር። መንገድ ላይ ያገኙት መካኒክ ቴርሞስታቱን አወጣ፣ ራዲያተሩን አጠበ፣ ውሃ ሞላ። ከዚያ ወዲህ ፈልታ አታውቅም። ክረምቱ ገባ፣ ከክረምቱ ቀጥሎ ውርጩ መጣ፣ ስለ ሙቀት ያሰበ የለም።

ያን መካኒክ ብዙ አልወቅሰውም። መንገድ ዳር ቆሞ፣ የቆመች መኪና ማስነሳት ነበረበት፤ አስነሳ። ግን «ይህ ዕቃ ቆይቶ ይመለሳል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር መጨመር ይችል ነበር። ቴርሞስታት አገራችን ውስጥ እንደ ትርፍ ዕቃ ነው የሚታየው፤ «እኛ አገር ሙቀት ነው፣ አያስፈልግም» ይባላል። አፋር በረሃ ላይ ያለ ሰው ቢለው እንኳ ልክ አይሆንም። ኅዳር ላይ ሌሊቱ ከዜሮ በታች በሚወርድበት ደብረ ብርሃን ደግሞ ይህን ማለት ያስቃል።

ቴርሞስታት ገዝተን ብንገጥምና ብንልካቸው ምን ይሆናል? ጭሷ ይሻሻላል። ግንቦት ሲመጣ ግን ጣርማ በር ላይ እንደገና ትፈላለች፣ ሌላ መካኒክም እንደገና ያወጣዋል። መጀመሪያውኑ ለምን ፈላች የሚለውን ሳንመልስ ማስረከብ አልፈለግንም።

መጀመሪያ የፈራነው የቴስታታውን ጋርኒሲዮን፣ ማለትም የሞተሩን የላይኛ ክፍል ማሸጊያ ነው። የፈላ ሞተር ብዙ ጊዜ እሱን ያቃጥላል። ተቃጥሎ ከሆነ የሲሊንደሩ ጋዝ ወደ ውሃው ይገባል። ይህን ለማወቅ ያንኑ የጭስ መለኪያ ተጠቀምንበት። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን ከፍተን አስነሳንና የመለኪያውን ጫፍ ከውሃው በላይ፣ አፉ ላይ ያዝነው። ውሃው ውስጥ ከገባ መለኪያው ይበላሻል፣ ስለዚህ ረዳቱን «እጅህ እንዳይንቀጠቀጥ» እያልን ነው። ሃይድሮካርቦን ዜሮ። ጋርኒሲዮኑ ደህና ነው። የውሃ ፓምፑም ቬንትሌተሩም ይሠራሉ።

የቀረው ክዳኑ ነበር። የራዲያተር ክዳን ለብዙ ሰው ውሃው እንዳይፈስ የሚከድን ነገር ብቻ ነው። ሥራው ግን ግፊት መያዝ ነው። የዚህች ኮሮላ ክዳን ላይ 1.1 ተብሎ ተጽፏል፤ ከውጭው አየር በላይ 1.1 ባር ገደማ ግፊት ማለት ነው። እዚያ ግፊት እስኪደርስ ድረስ ስፕሪንጉ ውሃውን አፍኖ መያዝ አለበት። በእጅ ፓምፕ ስንሞክረው ግፊት ጨርሶ አልያዘም። ስፕሪንጉ ዝጓል፣ ጎማው እንደ ደረቀ ቆዳ ተሰነጣጥቋል። ኩላንት ሳይሆን ተራ ውሃ ሲሞላበት የኖረ ራዲያተር እንዲህ ያደርጋል።

እትዬ አላመኑኝም። «በዚች ክዳን ነው ያን ሁሉ መዓት ያየሁት?» አሉ።

«እትዬ፣ ባቄላ ሮቢት ቶሎ ይበስላል፣ ደብረ ብርሃን ይዘገያል፣ አይደል?»

«አዎ። እዚህማ እንጨት ይፈጃል።»

«ለምን እንደሆነ ያውቃሉ? እዚህ ውሃው ሳይግል ነው የሚፈላው።»

ሐሳቡ ይህ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ደብረ ብርሃን ላይ በ91 ገደማ ይፈላል። ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው ጣርማ በር ላይ ደግሞ 90 እንኳ አይሞላም። ክዳኑ 1.1 ግፊት ሲይዝ ግን ደብረ ብርሃንም ላይ ቢሆን መፍያው ከ115 ዲግሪ በላይ ይወጣል። የዚህች መኪና ቬንትሌተር የሚነሳው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። እንግዲህ አስቡት። ክዳኑ ግፊት የማይዝ ከሆነ፣ ሽንኩርት የጫነች መኪና በዳገቱ አናት ላይ ውሃዋ የሚፈላው ቬንትሌተሩ ከመነሳቱ በፊት ነው። ሞተሩ ምንም አልሆነም። የሙቀቱ ልክም ደህና ነው። ውሃው ግን ቀድሞ እንፋሎት ሆኗል። ክዳኑ ሲደክም ሜዳ ላይ አይታወቅም፣ ሮቢትም አይታወቅም። ጣርማ በር ላይ ያጋልጣል። ከፍታው በዚህ ጉዳይ ውስጥ እጁ ያለበት እዚህ ጋ ነው፤ ጭሱ ላይ አይደለም።

ጥገናው

አዲስ ክዳን፣ በ82 ዲግሪ የሚከፈት ቴርሞስታት ከነጎማው፣ ራዲያተሩን ማጠብ፣ ግማሽ በግማሽ የተበጠበጠ ኩላንት። ኩላንቱ ከዝገት ይከላከላል፣ መፍያውን ትንሽ ከፍ ያደርጋል፣ ከዜሮ በታች 35 ዲግሪ ገደማ ድረስም አይረጋም። ለደብረ ብርሃን ውርጭ ይህ ከበቂ በላይ ነው። አየሩን ከውሃው መስመር አስወጣን። ዘይትና የዘይት ፊልትሮ ቀየርን። ካንዴላዎቹን አጽድተን መለስናቸው፣ አዲስ መግዛት አላስፈለገም።

ሴንሰሩን ሆን ብለን ቆየን። ሁሉን በአንዴ ቀይሮ «ሠርቷል» ማለት ይቻላል፤ የትኛው ምን እንዳደረገ ግን አይታወቅም። ሙቀቱ 86 ላይ ሲረጋ ለካናት። ካርቦን ሞኖክሳይዱ ከ3.8 ወደ 1.3 ወረደ። ሃይድሮካርቦኑ ወደ 150፣ ላምዳው ወደ 0.98። የቴርሞስታቱ ድርሻ ይህን ያህል ነው። ብዙ ነው፣ ግን አይበቃም።

የቀረው የኦክስጅን ሴንሰሩ ድርሻ ነው። ይህ ሴንሰር ጭስ ማውጫው ላይ ተቀምጦ የተቃጠለውን ጋዝ ያሸታል። ሪች ከሆነ 0.9 ቮልት አካባቢ፣ ቀጭን ከሆነ 0.1 አካባቢ ይልካል። ኮምፒውተሩ ያንን እያየ ቤንዚኑን ጨመር ቀነስ ያደርጋል። ሴንሰሩ መናገር የሚጀምረው ግን 300 ዲግሪ ገደማ ሲሞቅ ነው። ለዚህ ነው የራሱ ማሞቂያ ያለው። ማሞቂያው ሲሞት፣ በሚኒሞ ጊዜ ጭሱ ብቻውን በበቂ አያሞቀውም፣ ሴንሰሩ ዝም ይላል። ኮምፒውተሩም በግምት ይሠራል። ጋዝ ሲረገጥ ጭሱ ይግላል፣ ሴንሰሩ ይነቃል፣ ትንሽ ማረም ይጀምራል። የመጀመሪያውን ወረቀት አስታውሱ፦ በሚኒሞ 3.8፣ በ2,500 ዙር 2.1 ነበር። ልዩነቱ የመጣው ከዚህ ነው።

ፊውዙ ደህና መሆኑን አየን፣ ሶኬቱ ላይ ኤሌክትሪክ መድረሱን አየን። ከዚያ የማሞቂያውን ሽቦ በሜትር ለካነው። ቀዝቃዛ ሳለ ከ11 እስከ 16 ኦም ማሳየት ነበረበት። ምንም አላሳየም፣ ውስጡ ተበጥሷል። አዲሱን ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ገበያ አስመጣን። ያገለገለ በርካሽ ተገኝቶ ነበር፤ እትዬም ዋጋውን ሲሰሙ ወደዚያ አዘንብለው ነበር። ያገለገለ ኦክስጅን ሴንሰር ግን አልገጥምም። በስንት ዓመቱ እንደወለቀ የሚያውቅ የለም።

ከገጠምነው በኋላ ቮልቱ ወዲያው ላይ ታች ማለት ጀመረ። ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን የሚጨምርበትና የሚቀንስበት ማስተካከያ ወደ ዜሮ አካባቢ ተረጋጋ። ጭሱ፦ ካርቦን ሞኖክሳይድ 0.1፣ ሃይድሮካርቦን 35፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 15.1፣ ኦክስጅን 0.2፣ ላምዳ 1.00። ይህ ንጹሕ ጭስ ነው።

ይህን ያህል የጠራው ግን በሞተሩ ብቻ አይደለም። ጤነኛ ሞተር ብቻውን እንዲህ አያወርደውም። የቀረውን የጨረሰው ያ «ተደፍኗል» የተባለው ካታላይዘር ነው። ውስጡ ያሉት ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ካርቦን ሞኖክሳይዱን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጡታል። ለዚህ ግን ሙቀትና ኦክስጅን ይፈልጋሉ። ላምዳ 0.90 ላይ የሚተርፍ ኦክስጅን ስለሌለ ካታላይዘሩ እጁን አጣጥፎ ተቀምጦ ነበር። ድብልቁ 1 ላይ ሲመጣ ሥራውን ቀጠለ። ብረቶቹ ውድ በመሆናቸው ፈላጊው ብዙ ነው። ባዶ ቱቦ ይዞ የሚሄደው መኪና የበዛውም ለዚህ ይመስለኛል። የእትዬ መኪና ያኔ ቢወልቅባት ኖሮ፣ ዛሬ ሁሉን ጠግነንም ይህን ቁጥር አናገኝም ነበር። በዚያ ላይ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ያሉት ገና ብዙ ዓመት ሊነዱ ነው። ዕቃቸውን እየነቀሉ መጣል አያዋጣም።

ጥቁሩን ፕላስተር ከቼክ ኢንጂን መብራቱ ላይ አነሳንና ዳሽቦርዱን መለስን። አሁን ቁልፍ ሲከፈት ይበራል፣ ሲነሳ ይጠፋል።

ምርመራውን አለፈች፣ ቦሎ ተለጠፈላት። ከዚያ እትዬ ሮቢት ወርደው ጭነው ሲመለሱ ጣርማ በር ላይ ቆመው ደወሉልኝ። «ቬንትሌተሩ እየጮኸ ነው፣ ምን ላድርግ?» አሉ። እንፋሎት አለ ወይ አልኳቸው፤ የለም። ጌጇ የት ናት አልኳቸው፤ መሃል ላይ ናት። «ይጩህ እትዬ፣ ሥራው እሱ ነው» አልኳቸው። ቤንዚኑም ቀንሷል ብለውኛል፤ መቀነስ አለበትም። ላምዳ ከ0.90 ወደ 1 ሲመጣ ለተመሳሳይ አየር የሚረጨው ቤንዚን አሥር በመቶ ያንሳል፣ ማደያ ላይ ለሚሰለፍ ሰው ይህ ቀላል አይደለም።

አንድ ያልነካነው ነገር አለ። የቴስታታው የላይ ክዳን ጋርኒሲዮን ትንሽ ዘይት ያልባል። ከጭሱ ጋር አይገናኝም፤ በሚቀጥለው ሰርቪስ እንቀይረዋለን።